ከመርፌው በፊት ያለው ንግግር፦ ሂፕኖሲስ ስማር የያዝኩት ማስታወሻ፣ ደሴ

ሳምንት 1

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው፤ ደሴ ላይ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን ደብተር ያስጀመረኝ ባለፈው ነሐሴ የገጠመኝ ወጣት ነው። ለጀርባ ማደንዘዣ (ከወገብ በታች ለሚያደነዝዘው መርፌ) አስቀምጠነው ገና ጓንት ሳጠልቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ጊዜ ከአልጋው ወረደ። በመጨረሻ ሙሉ ሰመመን ሰጠነው። ለእሱ የጀርባው ይሻለው ነበር፤ የከለከለን ፍርሃቱ ብቻ ነው። ለፍርሃቱ ደግሞ በእጄ የነበረው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የሚያምህ» የሚል ቃል ነው።

ቤልጂየም ውስጥ፣ በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶክተር ማሪ ኤልዛቤት ፌሞንቪልና ባልደረቦቻቸው ሂፕኖሲስን፣ ማለትም ሰውን በንግግር ወደ ተመስጦ የማስገባት ዘዴን፣ ከአካባቢ ማደንዘዣና ከጥቂት ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር አጣምረው፣ ያለ ሙሉ ሰመመን ቀዶ ሕክምና ያሠራሉ። መድኃኒቱን አልጣሉትም፤ አብረው ነው የሚጠቀሙበት። ልቤን የያዘው የእኛው ሙያ ሰው መሆናቸው ነው።

ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፦ ሆስፒታል ውስጥ አልሞክርም። ሕፃን ላይ አልሞክርም። ቪዲዮ አይቀረጽም። ከሰውየውና ከእኔ ሌላ ሦስተኛ ሰው ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ ይኖራል፤ ይህን ባለቤቴ ተቀብላለች።

ወጪ፦ የኦንላይን ኮርስ 65 ዶላር። ከዚህ መክፈል ስላልቻልኩ ጅዳ ያለችው እህቴ ከፈለችልኝ። ደብተር 120 ብር። ቪዲዮዎቹ ዳታ ይበላሉ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 400 ብር የኢንተርኔት ጥቅል ጨረሰ።

ሳምንት 2

የቃል ችግር ገጠመኝ። እኛ ዘንድ ሰመመን ማለት ራስን አለማወቅ ነው። ሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ግን ይሰማል፣ ያስባል፣ ካልፈለገ ዓይኑን ገልጦ ይነሳል። የአንጎሉ ሞገድ ሲለካም የነቃ ሰው ሞገድ ነው። ስለዚህ «ሰመመን» ብል ሰው መድኃኒት የምሰጠው ይመስለዋል። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣለት አፍዝ አደንግዝ ነው። ባለቤቴ ራሷ የጠየቀችኝ «ሰው ኪሱን አራግፎ የሚሰጥበት ነገር ነው?» ብላ ነው።

ለማቅለል «የተመራ ዕረፍት» ልበለው አልኩ። ተቃወመች። «ስሙን ደብቀህ ፈቃድ ጠየቅሁ አትበል» አለችኝ። ልክ ናት። አሁን ስሙን እናገራለሁ፤ ከዚያ እንዲህ እላለሁ፦ ጨዋታ አዋቂ ሰው ሲያወራ ልባችን ተወስዶ ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን ሲያጠፋው ሳናይ የምንቀርበት ጊዜ አለ። እዚያው ቤት ነን፣ ግን ተመስጠናል። እሱን ተመስጦ ሆን ብለን እናመጣዋለን። ይህን ስል ሰው ፊቱ ይፈታል።

ሌላ የሚረዳኝ ታሪክ አገኘሁ። ፍራንዝ መስመር የተባለው ሐኪም ከእጄ ማግኔታዊ ኃይል ይወጣል እያለ ፓሪስን ሲያተራምስ፣ በ1784 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ንጉሥ አጣሪ ቡድን አቋቋሙ፤ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮዚዬ ነበሩበት። የደረሱበት መደምደሚያ ኃይሉ ከሐኪሙ ሳይሆን ከታካሚው ምናብ መሆኑ ነው። ለሚፈራ ሰው ይህን እነግራለሁ፤ ከእኔ የሚወጣ ነገር የለም። ሂፕኖሲስ የሚለውን ስያሜ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደው የስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬድም ቃሉን ከግሪክኛው «እንቅልፍ» ወስዶት፣ እንቅልፍ አለመሆኑ ሲገባው ስሙን ሊቀይር ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም፤ ስሙ ቀረ።

ሳምንት 3

የመጀመሪያው ሰው የአክስቴ ልጅ ነው፣ 24 ዓመቱ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤታችን ሳሎን፣ ዓርብ 8 ሰዓት ተኩል። መደገፊያው ዘንበል ያለ ወንበር ፒያሳ አካባቢ በ3,800 ብር ገዝቻለሁ።

አሠራሩ፦ ግድግዳው ላይ ከዓይኑ ከፍ ብሎ የለጠፍኩትን ነጥብ እያየ መተንፈስ፣ ዓይኑ ሲደክም መጨፈን፣ ከግንባር እስከ እግር ጣት ሰውነትን ማላላት፣ ከ1 እስከ 10 መቁጠር፣ ቀኝ እጅ ከበደ ማለት፣ ከዚያ ከ1 እስከ 5 ቆጥሮ ማንቃት። 22 ደቂቃ ፈጀ። እጁ በእውነት ከበደ፤ ሲያነሳው አየሁት፣ እየታገለ ነበር።

ስህተት አንድ። ጾሙን ነበር፣ እስከ 9 ሰዓት አይበላም። አልጠየቅሁትም። ስህተት ሁለት። «ነቃህ» ካልኩት በኋላ ወዲያው ተነስቶ ቆመ፣ ዓይኑ ጨለመበት፣ ባለቤቴ ክንዱን ያዘችው። ግፊቱን ለካሁት፦ 95 በ60። ባዶ ሆድ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘና ብሎ የቆየ ሰውነት፣ ድንገተኛ መነሳት። በሥራዬ ላይ ታካሚ እንዲህ እንዳይነሳ በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ረሳሁት።

ስህተት ሦስት የባሰው ነው። እጅህ ከበደ ብዬ፣ ክብደቱን ሳልመልስ አነቃሁት። ለ20 ደቂቃ «እጄ የኔ አልመስል አለኝ» ሲል ቆየ። መልሼ አስቀመጥኩትና ዓይኑን ጨፍኖ «እጅህ እንደ ወትሮው ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደልብህ ታዘዋለህ» አልኩት። ተስተካከለ። ከዛሬ ጀምሮ የሰጠሁትን ሁሉ በደብተሩ ግራ በኩል እጽፋለሁ፣ ስመልሰው በቀኝ በኩል ምልክት አደርጋለሁ። ቀኙ ሳይሞላ ማንም አይነሳም።

አንድ ያላሰብነው ነገር ደግሞ ብርዱ ነው። የደሴ ብርድ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ይበርደዋል፣ ብርዱም ከተመስጦው ያወጣዋል። ጋቢ ከመሣሪያዎቹ መዝገብ ገባ።

ሳምንት 4

ሳምንቱን በሙሉ የፈጀው ንግግሩን እንደገና መጻፍ ነው። ከኮርሱ የተረጎምኩትን በስልክ ቀድቼ ለባለቤቴ አሰማኋት። «ዜና ነው የምታነበው» አለች። «በጥልቅ የመዝናናት ሁኔታ ውስጥ እየገባህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው የት አለ?

መጀመሪያ ያወጣሁት «ተኛ» የሚለውን ነው። ከአዳር ተረኝነት የመጣች ነርስ ላይ ብዬው እውነተኛ እንቅልፍ ተኛች፣ አንኮራፋች፤ ለአንድ ሰዓት ተውናት። ለሌላው ሰው ደግሞ «ተኛ» ሆስፒታል መግባትንም ያስታውሳል። ለሁለቱም አይሆንም።

ቀጥሎ የገባኝ፣ አማርኛ ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ ያለው መሆኑ ነው፦ ላላ አለ፣ ረጋ አለ፣ ቀለል አለ፣ ከበድ አለ፣ ዝግ አለ። «ይከብዳል» እና «ከበድ ይላል» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ለሰውየው ቦታ ይተውለታል፤ ትንሽ ቢሰማውም በቂ ነው፣ ምንም ባይሰማውም ዋሸኝ አይልም። «እየ» ደግሞ ሌላው ነው፦ ትከሻህ እየላላ፣ እየላላ፣ ትንፋሽህም ዝግ እያለ። ዓረፍተ ነገሩ ሳይዘጋ ይቀጥላል፣ ሰውየውም አብሮት ይሄዳል። እናቶቻችን እሹሩሩ ሲሉ ድምፃቸው እንዲህ ነበር የሚሄደው።

ትእዛዙንም ቀነስኩ። «ዓይንህን ዝጋ» የነበረው «ዓይንህ ሲደክመው ጨፈን ማድረግ ትችላለህ» ሆነ። ጽሑፉም ሦስት ቅጂ አስፈለገው፦ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለአንቱ። ለጎረቤታችን እማማ «እርስዎ» ስላቸው የቢሮ ደብዳቤ የማነብላቸው መስሎ ራቀብኝ። በአንቱ ጻፍኩት። ለወንድ የተጻፈውን እያነበቡ አፍ ላይ ለሴት መቀየር አይሠራም፤ መሃል ላይ አንድ «ትችላለህ» ካመለጠ ሴትዮዋ ትባንናለች። ሞክሬ አይቻለሁ።

ሳምንት 5

ሁለት ሰው፣ ሁለት ስህተት።

የመጀመሪያው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቅሞ እንደመጣ የነገረኝ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ላስቆም ሲገባኝ «እንሞክር» አልኩ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ አይሰበሰብም፤ ወሬው አላቆመም፣ የልብ ምቱ 104 ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩበት፣ በመጨረሻ «አንተ አትፈልግም ማለት ነው» አልኩት። ይህን ማለቴ ይጸጽተኛል። ሌላ ቀን ሳይቅም መጣ፣ ያኔም የተሰማው ጥቂት ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ስታንፎርድ ላይ ዋይትዘንሆፈርና ሂልጋርድ በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጡት መለኪያ ሲታይ ብዙው ሰው መሃል ላይ ነው፣ ጥቂቱ በጣም ይመሰጣል፣ ጥቂቱ ምንም አይለው። በ25 ዓመት ልዩነት ድጋሚ የተለኩ ሰዎች ውጤት እንኳ ብዙ አልተለወጠም። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሁለተኛው ወጣት ሰጋጅ ነው። 11 ሰዓት ከ40 ጀመርን። ከኮርሱ ያመጣሁት አንድ ልማድ ነበረኝ፦ «የምትሰማው ድምፅ ሁሉ ይበልጥ ያረጋጋሃል»። ለባጃጅና ለአይሱዙ ጥሩ ይሠራል። መሃል ላይ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ፊቱ ላይ ያየሁት መረጋጋት አልነበረም፤ ሊነሳ ፈልጎ በእኔ ንግግር የተያዘ መሰለኝ። ወዲያው ቆጥሬ አነቃሁት፣ ሰገደ፣ ከዚያ ሻይ ጠጣን። አዛን የሚጠራው ሰው እንዲነሳ ነው፤ ያንን ድምፅ ለእኔ ሥራ ማዋል መብቴ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደወልም እንደዚያው። የጸሎት ሰዓት ከማንኛውም ቀጠሮ በፊት ይጠየቃል። «ድምፅ ሁሉ» የነበረው «የመንገዱ ድምፅ» ሆነ።

ሳምንት 6

ይህን ገጽ ለመጻፍ አራት ቀን ዘግይቻለሁ።

ኮርሱ ተመስጦን ለማጥለቅ ደረጃ መውረድ ይጠቀማል፦ አሥር ደረጃ፣ አንድ በአንድ ወደ ታች። ባለቤቴ «አዝዋ ገደል ጫፍ ላይ ያደገ ሰው ወደ ታች ውረድ ስትለው የሚታየው ሌላ ነው» ብላ አስቀርታዋለች። በእሱ ፋንታ ሐይቅን አስገባሁ፦ የሐይቅ ዳር፣ ጠዋት፣ ውሃው የረጋ፣ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። የወሎ ሰው ሐይቅን የማይወድ የለም ብዬ።

የተቀመጠችው የባለቤቴ ጓደኛ ናት። የበሽታ ጥያቄዎቹን ሁሉ ጠይቄያታለሁ፦ የሚጥል በሽታ የለም፣ መድኃኒት አትወስድም፣ በልታለች። ቀስ ብላ ገባች፣ ትንፋሿ ወረደ። «ውሃው ዳር ቁጭ ብለሻል» ስል እንባዋ ወረደ። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ሆነ፣ እጆቿ ወንበሩን ጨበጡ። ወንድሟን ውሃ ወስዶታል። አላወቅሁም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነው። ደነገጥኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ፣ «ተነሺ፣ ተነሺ» አልኳት። ይበልጥ ጨበጠች። ባለቤቴ ጉልበቴን ነካች፣ ያኔ ድምፄን መለስኩ። «እዚህ ነኝ። ደሴ ነን፣ ሳሎናችን ውስጥ ነሽ። ውሃውን ተይው፣ ከእሱ ጋር ጨርሰናል። እግርሽ ወለሉ ላይ ነው፣ ተጫኚው። ሲመችሽ ዓይንሽን ግለጪ።» ገለጠች። ክፍሉ ውስጥ የምታየውን አምስት ነገር እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፦ መጋረጃ፣ ጀበና፣ የልጃችን ጫማ፣ ጋቢው፣ መብራቱ። አልነካኋትም፤ እጇን የያዘችው ባለቤቴ ናት፣ አስፈቅዳት። አላስቆምኳትም፣ አለቀሰች። ምን እንዳየች አልጠየቅሁም። ውሃ ጠጣች፣ አንድ ሰዓት ተቀመጠች፣ ቤቷ ድረስ ሸኘናት።

በማግስቱ ደወልን፣ ደህና አድራለች። በአእምሮ ሕክምና የሚሠራ ባልደረባዬን አማከርኩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ልነግረው ሲገባኝ ችግር ከመጣ በኋላ ነው የሄድኩት። ያለኝ ይህ ነው፦ «አንተ የሐዘን ሐኪም አይደለህም። ቢከፈት የማትዘጋውን በር አትንካ፤ ከተከፈተ ደግሞ ወደ እኔ ላክ።» ወደ እሱ መሄድ ከፈለገች አብሬያት እሄዳለሁ ብያለሁ። ለሁለት ሳምንት ምንም አልሠራሁም።

ሳምንት 8

አንድ ገጽ ቅጽ ጻፍኩ፣ ፎቶ ኮፒ 10 ገጽ 60 ብር። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልናስበው የማትፈልጊው ቦታ፣ ነገር ወይም ድምፅ አለ? ምክንያቱን መናገር የለብሽም።» ምክንያቱን የሚተው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ከገባ ወዲህ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው በየቤቱ አለ፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው ያንን ቀን ዳግም እንዲኖረው አደርገዋለሁ። ቦታውንም ከእንግዲህ እኔ አልመርጥም፤ የሚቀመጠው ሰው ራሱ ይመርጣል፣ እኔ እሱ ያለኝን ብቻ መልሼ እናገራለሁ። ማቆሚያም ተስማምተናል፦ ጣት ከተነሳ ያለ ጥያቄ አበቃ።

የማልቀበላቸውን ለይቼ ጻፍኩ። የአእምሮ ሕመም ኖሮበት የሌለ ድምፅ የሚሰማ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ሐኪሙ ሳያውቅ። የቃመ፣ የጠጣ። ምንነቱ ያልታወቀ ሕመም ያለበት፤ ሕመም ምልክት ነው፣ ሳይመረመር ላደበዝዘው አልችልም። ዛር አለብኝ ያለች አንዲት ሴትም መልሻለሁ። በእምነቷ አልተከራከርኩም። ራሷን ወደምታውቀው ሌላ ሁኔታ ብትሄድ ከዚያ የምትመለስበትን እኔ አላውቀውም፤ ይህንኑ በግልጽ ነገርኳት፣ አመስግና ሄደች።

ሳምንት 9

እማማ ተቀመጡ። የፈለጉት የጉልበት ሕመማቸውን መርሳት ነበር፤ ሐኪም ያየው፣ ስሙ የታወቀ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሆነ ተቀበልኩ። የመረጡት ቦታ የልጅነታቸው አውድማ ነው። «ጭድ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ፀሐይዋ ትከሻዎን ሞቅ ታደርገዋለች» አልኳቸው። ሲነቁ «ሕመሙ አለ፣ ግን ወዲያ ማዶ ሆኖ ነው» አሉኝ። ማታ ተመልሷል። መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ሁለት ጊዜ አሳሰብኩ።

ወሬው ሰፈር ገባ። አንዱ ስልኩ ተሰርቆበት «የሌባውን ፊት አስታውሰኝ» ብሎ መጣ። እምቢ አልኩ። ሂፕኖሲስ የጠፋ ትዝታ አይመልስም፤ ሰውን የገመተውን እንዳየ አድርጎ እርግጠኛ ያደርገዋል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ፍርድ ቤቶች በዚህ መንገድ የተገኘ ምስክርነትን የሚከለክሉት ወይም የሚገድቡት ለዚህ ነው። በእኔ ምክንያት አንድ የሰፈር ልጅ በሐሰት ቢያዝ በምን እመልሰዋለሁ? ሌላው ሠርግ ላይ እንዳሳይ 2,000 ብር ሊከፍለኝ ፈለገ። ሕዝብ ፊት የተቀመጠ ሰው ጣቱን ለማንሳት ያፍራል፤ ማቆሚያው የማይሠራበት ቦታ አልሠራም።

ሳምንት 11

ሥራ ቦታ፣ ከክፍል ኃላፊዬ ጋር ተነጋግሬ፣ የቀየርኩት ንግግሬን ብቻ ነው። ሂፕኖሲስ አላደርግም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ 140 ወላድ እናቶች ለጀርባ ማደንዘዣ የቆዳ ማደንዘዣ መርፌ ሲወጉ፣ ለግማሾቹ «እንደ ንብ ይነድፍሻል፣ ይህ ነው ከሁሉ የሚከፋው» ተባለ፣ ለሌሎቹ «ቦታውን እናደነዝዘዋለን፣ ይመችሻል» ተባለ። መርፌው አንድ ነው። ንቡ የተነገራቸው ሕመሙን 5 ሲሰጡት ሌሎቹ 3 ሰጡት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ትንሽ ነው የሚያምህ» ስል ኖሬያለሁ።

አሁን የምለው፦ «ቀዝቀዝ የሚል ነገር ይሰማሃል፣ ጀርባህን አጽዳልሃለሁ። ቀጥሎ ቦታውን አደነዝዘዋለሁ፣ ቀሪው እንዲመችህ። አገጭህን ወደ ደረትህ፣ ትከሻህን ላላ አድርግ።» አልዋሽም፤ «ያመኛል?» ብሎ ለጠየቀኝ «ጫን የሚል ነገር ይሰማሃል፣ ከበዛብህ ንገረኝ፣ አቆማለሁ» እላለሁ። እስካሁን 14 ሰው። ማወዳደሪያ የለኝም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ለማንም አላወራም። የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአልጋ የወረደ የለም።

ሳምንት 13

የባለቤቴ ጓደኛ ራሷ ደወለች። ባልደረባዬን ሁለት ጊዜ አነጋግራዋለች፣ እሱም ይሁን ብሏል። መምጣት አይገባሽም ብያት ነበር፤ «ያኔ በመሃል የቀረው ይቆጨኛል» አለች።

ቅጹን ሞላች። መልስ የሌለው መስመር አልነበረም። ቦታውን መረጠች፦ ኩታበር፣ የእናቷ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር፣ ከሰዓት በኋላ። ውሃ የለም፣ ወንዝ የለም። እኔ የጨመርኩት ቃል የለም።

9 ሰዓት ተኩል ጀመርን፣ በልታ ነበር። ጋቢው ላይዋ። በግራ ዓምድ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ትከሻ ላላ፣ እጅ ሞቅ አለ፣ ትንፋሽ ዝግ አለ። አንድ ጊዜ ጣቷ ተነሳ፤ አቆምኩ። ዓይኗን ገልጣ «አፍንጫዬን አሳከከኝ» አለችና አከከች፣ ራሷ መልሳ ጨፈነች። 16 ደቂቃ። ከ1 እስከ 5 ቆጠርኩ፣ በየቁጥሩ አንዱን መለስኩ። ቀኙ ዓምድ ሞላ።

ግፊት 110 በ70። አሥር ደቂቃ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቆመች። ባለቤቴ አቦሉን ቀዳች።